ለቦራ ጨጓራ፦ የጣሳው ዱቄት ወይስ የሱሉልታ ድርቆሽ?

የእንስሳት ሐኪሙ አምድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ከጃንሜዳ ጀርባ ነው። ቦራ የሚባል የዘጠኝ ዓመት ፈረስ አለኝ። ቅዳሜና እሑድ ልጆች በክፍያ ይጋልቡታል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ለፎቶ ይፈለጋል። ከጥምቀት ወዲህ ግን ፈረሴ የማውቀው ፈረስ አልሆነም። ገብሱን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጎርስና ፊቱን ያዞራል። ኮርቻ ስጭንበት ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ሊነክሰኝ ይዞራል፤ ይህ ጠባይ አልነበረበትም። ፀጉሩ ሻክሯል፣ ጎድኑ መቆጠር ጀምሯል። አንዳንድ ጊዜ ከበላ በኋላ ዞር ብሎ ሆዱን ያያል። አንድ ባለሙያ አይቶት «ጨጓራ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ውጭ አገር ያለው የእህቴ ልጅ ለፈረስ ጨጓራ የሚሆን ዱቄት በትልቅ ጣሳ ልኮልኛል፤ ፔክቲን፣ ሌሲቲን፣ ካልሲየም ካርቦኔትና ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ አለው ይላል። ጎረቤቶቼ ደግሞ አንዱ ተልባ፣ አንዱ አብሽ፣ አንዱ እሬት፣ አንዱ ቤኪንግ ሶዳ ይሉኛል። እኔም የጨጓራ በሽተኛ ስለሆንኩ ኦሜፕራዞል ከቤቴ አይጠፋም። ለቦራ የሚሻለው የትኛው ነው? ሁሉንም አንድ ላይ ብሰጠውስ? — የቦራ ባለቤት

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለዚህ አምድ አብዛኛውን ጊዜ የምመልሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው። የእርስዎ ደብዳቤ ግን ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ የተጻፈ ሆኖ ስላገኘሁት ደውዬ አስፈቀድኩና ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በስድስት ኪሎ በኩል በእግሬ መጣሁ። የያዝኩት የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የእጅ ባትሪና አንድ ብጫቂ ወረቀት ነበር። እርስዎ ያውቁታል፤ አንባቢዎቼ ግን ስላላዩት ካየሁት ልጀምር።

ቦራ ያማረ ፈረስ ነው። ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ምልክት እስከ አፍንጫው ይወርዳል። ስገባ ግርግሙ ባዶ ነበር፤ ጥግ ላይ ረግጦ የተወው አንድ እፍኝ የጤፍ ጭድ ብቻ ቀርቷል። መቼ እንደበላ ስጠይቅዎ «ትናንት ማታ 12 ሰዓት ላይ ገብሱንም ጭዱንም ሰጥቼዋለሁ» አሉኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ጭዱን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርሶታል ብንል እንኳ ፈረሱ ከ11 ሰዓት በላይ ምንም ሳያኝክ ቆሞ አድሯል ማለት ነው። የጣሳውን ክዳን ከፍተው ዱቄቱን ሊያሳዩኝ ሲቸኩሉ እኔ ግርግሙን እያየሁ የቆምኩት ለዚህ ነበር።

የፈረስ ጨጓራ ከእኛ ጨጓራ የሚለይበትን ነገር ካላወቅን ማንኛውንም መድኃኒት በጭፍን ነው የምንሰጠው። የእኛ ጨጓራ ምግብ ሲሸተንና ሲደርሰው ነው አሲዱን በብዛት የሚያወጣው። የፈረስ ጨጓራ ግን ቧንቧው የማይዘጋ ነው። በላም አልበላም፣ ተኛም ቆመም፣ ሌት ተቀን አሲድ ያንጠባጥባል፤ ትልቅ ፈረስ በቀን 30 ሊትርና ከዚያም በላይ ያመነጫል። ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ከ24 ሰዓት ውስጥ 16 ያህሉን ሲግጥ ስለሚውል ይህ ተፈጥሮው አይጎዳውም። የሚጎዳው እኛ ጋጥ ውስጥ አስረን በቀን ሁለት ጊዜ እንደ ሰው ምሳና እራት ስናበላው ነው። ሁዳዴን 55 ቀን የጦመ ሰው ጨጓራው ቢያጉረመርምበትም ይችለዋል። ፈረስ ግን ለጦም አልተፈጠረም። በሙከራ ፈረሶችን አንድ ቀን እያበሉ አንድ ቀን እያስራቡ በሳምንት ውስጥ ጨጓራቸው ሲቆስል ታይቷል።

ሌላም አለ። ውሻ ሥጋ ሲያይ ምራቁ ይዝረበረባል። ለፈረስ ገብስ ቢያሳዩት አፉ አይረጥብም፤ የፈረስ ምራቅ የሚወርደው ሲያኝክ ብቻ ነው። በዚያ ምራቅ ውስጥ ደግሞ አሲድን የሚያበርድ ባይካርቦኔት አለ። ስለዚህ ፈረስ የጨጓራ መድኃኒቱን ራሱ በአፉ ይሠራል ማለት እንችላለን፤ የሚያስፈልገው የሚታኘክ ነገር ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ገብስ በአጭር ጊዜ ያልቃል። አንድ ኪሎ ድርቆሽ ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ያስኝካል።

የጨጓራው የላይኛው ሲሶ ከጉሮሮ ጋር አንድ ዓይነት ልባስ ያለው ሲሆን ከአሲድ የሚጠብቀው ንፍጥ መሰል ሽፋን የለውም። የታችኛው ክፍል ሽፋኑን ራሱ ያመርታል። ሆዱ ባዶ ሆኖ ፈረሱ ሶምሶማ ሲጀምር የሆዱ ጡንቻ ጨጓራውን ይጨምቀውና ከታች የተጠራቀመው አሲድ ወደ ላይ ይረጫል፤ የሚያርፈውም በዚያ ሽፋን በሌለው ልባስ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከሌሊቱ ባዶ ሆድ ጋር ሕፃን ተጭኖበት ሲዞር የቦራ ጨጓራ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። በልምምድ ላይ ያሉ የእሽቅድምድም ፈረሶች ጨጓራ በካሜራ ሲታይ ከአሥሩ ስምንቱና ከዚያ በላይ ቁስለት ይገኝባቸዋል። የቦራ ሥራ እሽቅድምድም ባይሆንም አበላሉ ከእነርሱ አይሻልም።

እንግዲህ ወደ ጥርጣሬው ልምጣ። ባለሙያው «ጨጓራ ሳይሆን አይቀርም» ማለቱ ትክክል ነው፤ «ጨጓራ ነው» ቢል ግን አላምነውም ነበር። ገብስ መተው፣ ኮርቻ ሲጠብቅ መንከስ፣ መክሳት፣ የፀጉር መሻከር፣ ከምግብ በኋላ ቀለል ያለ ቁርጠት፤ እነዚህ ሁሉ የጨጓራ ቁስለት ምልክቶች ናቸው። የጥርስም፣ የትላትልም፣ የጀርባ ሕመምም ምልክቶች ናቸው። ቁስለቱን በእርግጠኝነት ማየት የሚቻለው በአፍንጫ አስገብተው ጨጓራ ውስጥ በሚያደርሱት ካሜራ ነው። ለሰው የሚሠራው ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ሲሆን ለፈረስ ግን ሦስት ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ምርመራው የሚካሄድበት ፈረስም ከ12 እስከ 16 ሰዓት ምግብ ተከልክሎ ይቆያል። ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ማማከር ይችላሉ። ቦራን ኢሱዙ ላይ ከመጫንዎ በፊት ግን ደውለው ምን ምርመራ ሊያደርጉለት እንደሚችሉ ይጠይቁ። የታመመ ፈረስ በከንቱ ተጭኖ ደርሶ ቢመለስ መንገዱ ራሱ ሌላ ጨጓራ ነው።

ካሜራው ባይኖርም በእጅና በዓይን የሚታይ ብዙ ነገር አለ። ምላሱን ወደ ጎን ይዤ ባትሪ አብርቼ የቦራን የኋላ ጥርሶች አየሁ። የላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች የውጭ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ሾሏል፤ በግራ በኩል ጉንጩ ውስጥ ትንሽ ቁስል አለ። ወለሉ ላይም እንደ ትንባሆ የተጠቀለለ፣ ግማሹ ታኝኮ የተተፋ የጭድ ጉርሻ አገኘሁ። ማኘክ የሚያመው ፈረስ ትንሽ ያኝካል፤ ትንሽ ያኘከ ደግሞ ምራቁ ትንሽ ነው። ስለዚህ የጨጓራውን ሕክምና ከአፍ መጀመር ግድ ይላል። በፈረስ ጥርስ ልምድ ያለው ሐኪም በሞረድ ሹሉን ያስተካክልለት። ጎረቤት ባለው የብረት ሞረድ ራስዎ እንዳይሞክሩት፤ ጥርስ ሲሰነጠቅ ያየሁት በእንዲህ ዓይነት ድፍረት ነው።

የፊት እግሮቹ ፀጉር ላይ ደግሞ ቢጫ፣ ከሰሊጥ ያነሱ የዝንብ እንቁላሎች ተለጥፈው አይቻለሁ። ፈረሱ ሲልሳቸው ወደ አፉ ይገባሉ፤ ትሎቹም ጨጓራው ውስጥ ተጣብቀው ወራት ይኖራሉ። ሐኪሙ ለዚህ አይቨርሜክቲን ያዝለታል። ይህን በአጭሩ ነው የማልፈው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ መስኮቱ ደፍ ላይ ያየሁት ነው። ሦስት ባዶ የዲክሎፌናክ፣ የሕመም ማስታገሻ መርፌ፣ ብልቃጦች ተደርድረዋል። «ይህ የማን ነው?» ስልዎ «የጥምቀት ዕለት እግሩን ስላነከሰ ነው፤ ሲወጋው ይሻለዋል» አሉኝ። ደብዳቤዎ ላይ ይህ አልነበረም። የጨጓራን የታችኛውን ክፍል የሚሸፍነው ልባስና ወደዚያ የሚሄደው የደም ዝውውር የሚጠበቀው ፕሮስታግላንዲን በሚባሉ ንጥረ ነገሮች ነው፤ ዲክሎፌናክም ሆነ ፌኒልቡታዞን ሕመምን የሚያስታግሱት እነዚህኑ በመቀነስ ነው። ሰው ባዶ ሆዱን የወገብ ማስታገሻ ሲውጥ ጨጓራው የሚነሳበት ምክንያት ፈረስንም አይምርም። መርፌ ስለሆነ ጨጓራን አይነካም ብለውኛል። ይነካል፤ መንገዱ በደም ነው። ቦራ አሁን አያነክስም፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ያቁሙት። ዳግመኛ ካነከሰ እግሩ ይታይ እንጂ ሕመሙ አይሸፈን።

አሁን ወደ ጣሳው። እውነት ለመናገር በእንደዚህ ዓይነት ጣሳዎች ላይ ትንሽ ጥላቻ አለኝ። ክዳኑ ላይ የሚጋልብ ፈረስ ምስል አለ፤ ቁስለትን «ያድናል» ላለማለት ደግሞ «የጨጓራን ጤና ይደግፋል» ይላል። ደግፎ ከሆነ ምኑን እንደደገፈ አይናገርም። እንዲህ ያለ የመኖ ማሟያ የመድኃኒት ያህል ተፈትኖ እንዲወጣ አይገደድምና ጣሳው የሚሸጠው በተስፋ ነው። ያም ሆኖ የእህትዎን ልጅ ደግነት አላጣጥልም፤ ዱቄቱም ባዶ አይደለም።

ካልሲየም ካርቦኔትና ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ አሲድን ያበርዳሉ፤ ፋርማሲ በፈሳሽ መልክ ገዝተን የምንጠጣው የጨጓራ መድኃኒት ወንድሞች ናቸው። ችግሩ ጊዜያቸው ነው። ቧንቧው ስለማይዘጋ አንድ ማንኪያ የሰጠነው ዱቄት ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ታጥቦ ያልቃል። ጠዋትና ማታ ቢሰጥ በቀን ውስጥ ሃያው ሰዓት ያለ እርሱ ነው የሚያልፈው። ፔክቲንና ሌሲቲን ደግሞ ከአሲድ ጋር ሲገናኙ ወፍራም ልጋግ ይሠሩና ልባሱን ይሸፍናሉ ተብሎ ይታሰባል። በፈረሶች ላይ የተደረጉት ሙከራዎች አንዱ ጠቀመ ሲል ሌላው አልጠቀመም ብሏል። ስለዚህ ጣሳውን አይጣሉት። ቅዳሜና እሑድ ቦራ ከመሥራቱ ከግማሽ ሰዓት በፊት፣ ከሚያኝከው ነገር ጋር ለውሰው በጣሳው ላይ የተጻፈውን መጠን ለክብደቱ አስልተው ይስጡት። ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ሁለት ሰዓት ያራርቁት፤ እንዲህ ያሉ ዱቄቶች ሌላውን መድኃኒት እንዳይሠራ ሊያደርጉት ይችላሉ።

የጎረቤቶችዎን ምክር አንድ በአንድ ልየው፤ አንዳንዱ ከጣሳው ይሻላልና። ተልባን አከብራለሁ። እናቴ ለጨጓራዋ ተልባ ሳትጠጣ አትተኛም ነበር፤ ለፈረስም በሌላው ዓለም ከጥንት ጀምሮ ተቀቅሎ ሲሰጥ ኖሯል። የሚያወጣው ልጋግ ጉሮሮንና አንጀትን ያለሰልሳል፣ ዘይቱ ደግሞ የሻከረውን ፀጉር ያበራል። ቁስለትን ያድናል የሚል ማስረጃ ግን የለኝም። አደገኛ የሚሆነው ጥሬውን ወቅጠው ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው ሲያሳድሩት ነው፤ ጥሬ ተልባ ሲረጥብ ሲያናይድ የሚለቅ ንጥረ ነገር አለው። በደንብ ይቀቀል፣ ወይም እኛ ቤት እንደሚደረገው ተቆልቶ ይፈጭ። ለቦራ በቀን አንድ የቡና ስኒ ይበቃዋል።

አብሽ ለቁስለቱ ምንም አያደርግለትም። ነገር ግን ፈረሶች ሽታውንና ጣዕሙን ይወዱታል። የጣሳውን ዱቄት አልበላም ሲል አንድ ቁንጥር አብሽ ጣል ያድርጉበት፤ ይህ የጎረቤትዎ ምክር ሳይታሰብ የጠቀመበት ቦታ ነው።

እሬት ይቅር። የውጭዎቹ «አሎ ቬራ» ብለው የሚሸጡት የቅጠሉን ውስጠኛ ነጭ ዝልግልግ ሲሆን እርሱም በፈረሶች ላይ ከኦሜፕራዞል ጋር ሲወዳደር በብዙ አንሶ ተገኝቷል። ከአጥር ላይ የሚቆረጠው እሬት ግን ከልጣጩ ሥር የሚፈሰው ቢጫ መራራ ፈሳሹ ኃይለኛ የሚያስቀምጥ ነው። ለከሳ ፈረስ ተቅማጥ መጨመር አያስፈልግም።

ቤኪንግ ሶዳ ላይ ቆጣ ልበል። ሰው ሶዳ ጠጥቶ ያገሳል፣ ቀለል ይለዋል። ፈረስ ግን አያገሳም፣ አያስመልስም፤ የጉሮሮው መጨረሻ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈት በር ነው። ሶዳ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ በዚያች ትንሽ ጨጓራ ውስጥ የት ይሂድ? በጠርሙስ በጥብጦ በጉሮሮው ማንቆርቆርማ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። ይህን የመከሩዎትን ጎረቤት ሰላም ይበሉልኝ፤ ምክራቸውን ግን ለራሳቸው ያቆዩት።

ኦሜፕራዞልን በተመለከተ፣ ከተጠቀሱት ሁሉ ቁስለትን በእርግጥ እንደሚፈውስ የተረጋገጠለት እርሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለፈረስ ተብሎ በቅባት መልክ የተሠራው በ1999 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል። መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 4 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ለ28 ቀናት ይሰጣል። በሜትሩ የቦራን ደረት ዙሪያ ከፊት እግሮቹ ኋላ ስለካ 145 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት 140 ሴንቲ ሜትር አገኘሁ። በፈረስ ክብደት መገመቻ ቀመር ደረቱን በራሱ አባዝተን፣ በርዝመቱ አባዝተን፣ ለ11,880 ስናካፍለው 248 ኪሎ ይመጣል። ይህ ማለት በቀን ወደ 1,000 ሚሊ ግራም ኦሜፕራዞል ነው፤ የእርስዎ እንክብል ደግሞ 20 ሚሊ ግራም ናት። በቀን 50 እንክብል! ይህን ስነግርዎ ኪስዎ ውስጥ ያለውን ማሸጊያ አውጥተው ያዩበት ዓይን እስካሁን ያስቀኛል።

እንክብሉ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ፍሬዎች የተሸፈኑት መድኃኒቱን አሲድ እንዳያጠፋው ነው። ወቅጠው ገብስ ላይ ከበተኑት መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጀምር ያልቃል። በባዶ ሆድ፣ ከጠዋቱ ምግብ በፊት መሰጠትም አለበት። ሲቆም ደግሞ በድንገት ከሆነ አሲዱ ገንፍሎ ይመለሳል። ለዚህ ሁሉ ቦራን የሚያይ ሐኪም ይኑር። ሌላው ሊመጣብዎት የሚችል ሐሳብ «ኦሜፕራዞል እየሰጠሁ ማስታገሻውን ልቀጥል» የሚል ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰጡ ችግሩ ከጨጓራ ወደ አንጀት ወርዶ የባሰ ጉዳት ሲያደርስ ታይቷል። እዚህ ላይ እግረ መንገዴን፣ እኛ ሰዎች ለጨጓራ ባክቴሪያ ብለን የምንወስደውን ፀረ ተዋህሲያን ለፈረስ እንዳታስቡት። የሰውን ቁስለት ከባክቴሪያ ጋር ያገናኙት ሐኪሞች በ2005 እ.ኤ.አ. ኖቤል ቢሸለሙበትም፣ የፈረስ ቁስለት በዚያ ባክቴሪያ እንደሚመጣ አልተረጋገጠም።

እንግዲህ እኔ ብሆን ቦራን እንዲህ አበላዋለሁ። አሁን በቀን ሁለት ኪሎ ገብስ ያገኛል። ከገብስ ግማሽ ያህሉ ስታርች ስለሆነ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 4 ግራም ስታርች እየበላ ነው። ከ2 ግራም ማለፍ የለበትም። ስታርቹ ጨጓራ ውስጥ ሲቦካ የሚወጡት አሲዶች ያንኑ ሽፋን የሌለውን ልባስ ያሳርራሉና ገብሱ ወደ አንድ ኪሎ ይውረድ፤ እርሱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ። ፉርሽካም የሚሰጡት ከሆነ ቢቀንሱት አይጎዳም። የሚጎድለውን የሚሞላው ድርቆሽ ነው። የክብደቱን ከመቶ ሁለት እጅ፣ ማለትም በቀን 5 ኪሎ ያህል ያስፈልገዋል። ከሱሉልታ የሚመጣው ድርቆሽ ሻጋታ ካልነካው ይሆናል፤ እስሩን ፈትተው ያሽትቱት። የጤፍ ጭድ ብቻውን ሲሆን ነው ችግሩ፤ ጭድን ብቸኛ መኖ ያደረጉ ፈረሶች ላይ ቁስለት በብዛት ተገኝቷል። ከድርቆሹ ጋር ሲሶ ያህል ቢቀላቀል ግን አልከፋም፤ ኪስዎም ይተነፍሳል።

ከሁሉ በላይ አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል። ካልሲየሙና ፕሮቲኑ ብዙ በመሆኑ አሲድ የሚያበርድ መኖ እርሱ ነው፤ ጣሳው ውስጥ ያለውን ካልሲየም ፈረሱ በማኘክ ያገኘዋል ማለት ነው። በቀን አንድ ኪሎ ይበቃል። ከእርሱ ላይ ሁለት ትላልቅ እፍኝ ቀንሰው ኮርቻ ከመጫንዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ይስጡት፤ ያ ጭራሮ መሰል ምንጣፍ አሲዱ ወደ ላይ እንዳይረጭ ይይዘዋል። ባዶ ሆዱን ሕፃን አይጫንበት። ይህን ብቻ እንኳ ቢያደርጉ የጣሳውን ያህል ሠርተዋል።

ሌሊቱ ላይ ነበር የተከራከርነው። «ማታ 4 ሰዓት ማን ተነሥቶ ይሰጠዋል?» አሉኝ። ማንም አይነሣም። አጥሩ ላይ የተጣለ አሮጌ የጎል መረብ አይቻለሁ። ሦስት ጊዜ ያጥፉት፤ ቀዳዳው ሁለት ጣት ብቻ እስኪያስገባ ይጥበብ። ግማሹን የቀኑ ድርቆሽ ይሙሉበትና ማታ ገብሱን ከበላ በኋላ በደረቱ ትይዩ አጥብቀው ይስቀሉት፤ ሲያልቅ እንዳይንጠለጠልና ሰኮናው እንዳይገባበት ወለሉ ድረስ አይልቀቁት። ፈረሱ አንድ አንድ ሰበዝ እየመዘዘ ሲያኝክ ያድራል። በጠዋት ስትነሡ መረቡ ውስጥ ትንሽ ቢተርፍ ደስ ይበልዎት፤ አባካኝ አይደሉም።

ውሃም አለ። በሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ነግረውኛል። በማይመጣበት ቀን ለቤት እንደምታጠራቅሙት ለቦራም አንድ በርሜል ይለይለት። ውሃ እየተቋረጠባቸው የሚኖሩ ፈረሶች ጨጓራቸው ይበልጥ ይቆስላል። ጨው በጥብጦ መጋትም እንዳይለመድ፤ የተጠናከረ ጨው ባዶ ጨጓራ ላይ ቁስለትን ያባብሳል። ቁራጭ አሞሌ ግርግሙ አጠገብ አስቀምጠው ራሱ ይላሰው።

አፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክን አባ ዳኘው እያለ ጌታን በፈረሱ ስም ሲጠራ የኖረ አገር ነው። «ባልደራስ» የቤተ መንግሥቱ ፈረሶች አዛዥ ማዕረግ ነበር፤ ዛሬ ግን የሰፈር ስም ሆኖ ሲሰማ ትርጉሙን የሚጠይቅ የለም። አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የምኒልክን ሐውልት ያየ ልጅ ጃንሜዳ መጥቶ የሚጋልበው እውነተኛ ፈረስ ቦራ ነው። ለዚህ ስል ትንሽ ብናደድብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ለሁለት ሳምንት ይህን ይሞክሩ፤ ቦራም በእነዚያ ሳምንታት ቅዳሜም እሑድም አይሥራ። ደብተር ይያዙ፦ ገብሱን ጨርሷል ወይስ ትቷል፣ ኮርቻ ሲጫን ነክሷል ወይስ አልነከሰም። እሑድ እሑድ ደረቱን በሜትር ይለኩ። ካልተሻለው ኦሜፕራዞሉን ከሐኪም ጋር እንነጋገርበታለን። በመሃል ግን መሬት ላይ ከተንከባለለ፣ ካላበው፣ ፋንድያ ከከለከለ ደብተሩን ትተው ሐኪም ይጥሩ፤ በሌሊትም ቢሆን።

ጥያቄ፦ እሑድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ እየወጣሁ እጋልባለሁ። ለፈረሱ ስኳርና ዳቦ ይዤለት እሄዳለሁ፤ ጨጓራውን እጎዳው ይሆን? — ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ አንድ ሁለት ቁራጭ ስኳር አይገድለውም፤ ነገር ግን አንቺን የመሰሉ ሃያ ደግ ሰዎች በአንድ እሑድ ሲሰጡት አርባ ቁራጭ ሊደርስ ይችላል። ዳቦውን ለራስሽ አቆዪው። ካሮት ይዘሽለት ውጪ፣ ባለቤቱንም አስፈቅጂ። ካሮቱን ግን እንደ ሰላጣ በክብ በክብ አትቁረጪው፤ ክቡ ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል። በርዝመቱ ሰንጥቀሽ ስጪው።